ብቻውን የሮጠ ሰው፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ የሕይወት ታሪክ

ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አነጋገር ምስጋና እንዳይደለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ተወዳዳሪ በሌለበት ሜዳ አንደኛ ወጣሁ ብሎ ለሚኩራራ የሚወረወር ሽሙጥ ነው። በጠቅላላውም ምሳሌያዊ አነጋገራችን ወደ ማኅበር ያደላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ብቻውን የሚበላውን እንሸሸዋለን፤ ብቻውን የሚስቀውን ደግሞ ጠበል ውሰዱት እንላለን። ብቸኝነቱ የሚከበርለት ባሕታዊው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በጣና ደሴት ጫካ ተሰውሮ ሲኖር ነው እንጂ በአስፋልት ላይ በቁምጣ ሲሮጥ አይደለም።

በዚህ በባሕር ዳር ከተማ ግን ከፔዳም ሆነ ከፖሊ ግቢ በማለዳ ወጥቶ ብቻውን የሚሮጥ ተማሪ አይጠፋም። አንዱ ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። ሌላው የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይወጣል። ሰዓት አልያዘ፣ ለክለብ አልተመዘገበ፣ የሚከተለው አሠልጣኝ የለ። ደንገል ታንኳውን እየቀዘፈ ወደ ውኃው የሚገባው ዓሣ አጥማጅ ቀና ብሎ አይቶት ወደ ሥራው ይመለሳል። ወደ ዶርም ሲመለስ ግን ጓደኞቹ እንደ ዓሣ አጥማጁ ዝም አይሉትም፤ ማንን ልታሸንፍ ነው ብለው ይጠይቁታል። ጥያቄው የቀልድ ቢሆንም መልሱ ቀላል አይደለም፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት በእርሱ ምክንያት ነው። መልሱን የምፈልገው ሁላችን በአሸናፊነቱ ብቻ በምናውቀው፣ ነገር ግን ከዕድሜው ብዙውን ኪሎ ሜትር ማንም ሳያየው በሮጠው ሰው ሕይወት ውስጥ ነው።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በሰላሌ፣ ጃቶ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። (በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነው።) በዚያችው ዕለት በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ ሁዋን ካርሎስ ዛባላ የሚባል አርጀንቲናዊ አሸንፎ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይህን መገጣጠም እንደ ትንቢት ይወዱታል። በእኔ በኩል በዚያች ዕለት በዓለም ላይ ስንት ሺህ ሕፃን እንደተወለደ ሳስብ ትንቢቱ ይቀርብኛል፤ ገጠመኙ ግን ደስ ይላል።

የሦስት ዓመት ልጅ እንደሆነ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች። ቤተሰቡም ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደምትባል ራቅ ያለች ቦታ ተሰደደ፤ ወደ ጃቶ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ሲያድግም የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። ይህን ጨዋታ ዛሬ በከተማ ያደግን ሰዎች በበዓል ቀን በጃንሜዳ ሲታይ ብቻ ስለምናውቀው፣ አንድ ነገር ላስታውስ። በገጠር ሲጫወቱት ሜዳው መስመር የለውም። የሁለቱ ወገን ግብ አንዳንድ ጊዜ በብዙ ኪሎ ሜትር ይራራቃል፤ ሩሯን የመታ ሰው ማሳውንም ጅረቱንም ተሻግሮ ይከተላታል። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ሩሯን እያሳደደ የሚሮጥ ልጅ ለጊዜው ከሰማይና ከሣር በስተቀር ጓደኛ የለውም። ከሎስ አንጀለሱ ገጠመኝ ይልቅ ስለ አበበ የሚያስረዳኝ ይህ ነው።

በ1940ዎቹ ዓመታት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። የእግረኛ ጦር ወታደር ነበር፤ እንደ ጓዶቹም ሰልፍና ጥበቃ ነበረበት። ነገር ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ልማድ ነበረው። ከሱሉልታ ኮረብቶች ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም መልሶ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ያ ሁሉ መንገድ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነው፤ ባሕር ዳራችን 1800 ሜትር ያህል ብቻ እንደሆነች ልብ ይሏል። ከሱሉልታ ወደ ከተማው ለመግባት የእንጦጦን ጀርባ መውጣት፣ ለመመለስም እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ልብና ሳንባ ለዕለት ሥራ እንኳ ይደክማሉ፤ ሰውነትም የጎደለውን ለመሙላት ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ይህን ሳይንስ አበበ ይወቀው አይወቀው ለጊዜው ቁም ነገር አይደለም። ቁም ነገሩ በዚያን ጊዜ የሱሉልታው ሩጫ ዋንጫ የሌለው ሩጫ መሆኑ ነው። ሮም የምትባለው ከተማ ገና በሐሳብም አልነበረችም። ደመወዙ ሮጠም ተኛም ያው ነው። አንድ ሰው ከማደሪያው ወጥቶ እንዲህ ያለውን ዳገት ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም የሚወጣው፣ በወጣ ቁጥር የሚያገኘው ነገር ቢኖር ነው።

ምን ያገኛል? ብቻውን ረጅም መንገድ የሮጠ ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሙግት ናቸው፤ እግር ይከብዳል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ አልጋው ይናፍቃል። ከዚያ በኋላ ግን ትንፋሽና እርምጃ ይስማማሉ። በራስ ውስጥ ሲጮኽ ያደረው የፈተናው፣ የገንዘቡ፣ የቤተሰቡ ጉዳይ ድምፁን ይቀንሳል። ሰውዬው የራሱን የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ኮቴውም አይከስሰውም። ሐኪሞች ይህን ደስታ ቀድሞ ኢንዶርፊን በሚባለው ንጥረ ነገር ያስረዱት ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ኢንዶካናቢኖይድ የሚባለው ዋናው ነው የሚሉ ተመራማሪዎች በርክተዋል። የፋርማሲ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይከራከሩበት፤ ሯጩ እንደሆነ ስሙ ምንም ይሁን ምን ነገ ጧት እንደገና ይወጣል።

ወታደሩን ከብዙዎቹ መካከል ያስተዋሉት ኦኒ ኒስካነን የሚባሉት ስዊድናዊ ናቸው። እኒህ ሰው ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖሩ፣ ለአገራችን አትሌቲክስ መሠረት ከጣሉት አንዱ ናቸው። ለአበበ የሰጡት ነገር ሩጫ አይደለም፤ ሩጫውማ ነበረው። የሰጡት ሥርዓት ነው፤ ፍጥነትን መለካት፣ ኃይልን ለመጨረሻው ማቆየት፣ ተወዳዳሪን ማጥናት። በደስታ ብቻ ማራቶን የሚሸነፍ ቢሆን ኖሮ በየሰፈሩ አንድ የዓለም ሻምፒዮን በተገኘ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ የነገሠው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በተደረገው የጦር ኃይሎች ውድድርም አበበ ከዋሚ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት ግን በአዲስ አበባ በተደረገ ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። ይህም ታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ ያውም በአዲስ አበባ ከፍታ። በአውሮፓ ስሙን የሚያውቅ ሰው ግን እምብዛም አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሮማው ታሪክ ነው። ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሰማነው ስለሆነ የምናውቀው ይመስለናል፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ነገር ተሳስተን የያዝን ይመስለኛል።

አንደኛው ስለ ባዶ እግሩ ነው። ጫማ መግዣ አጥቶ ነው የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ለሯጮች ጫማ ቀርቦ ነበር፤ የቀረው ጫማ ግን ለእርሱ እግር አልተስማማም፤ አዲስ ጫማም እግሩን አቁስሎታል። በልምምድ ጊዜ በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደው ነገር ስለነበረ ከኒስካነን ጋር ተመካክሮ እንዲያው ለመሮጥ ወሰነ። ስለዚህ በባዶ እግር መሮጡ የችግር ምልክት ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው። የሚያሳዝን ድሀ አድርገን ስንተርከው ሐሳብ ያለው ሰው መሆኑን እንሰርቀዋለን።

ሁለተኛው ስለ ቀኑ ነው። የሮማ ማራቶን የተሮጠው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው ሲባል ቀኑ ባዶ ቁጥር ይሆንብናል። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! በዚያ ምሽት በአገር ቤት በየደጁ ችቦ ይበራል። በሮማ ደግሞ ውድድሩ በቀኑ ሙቀት ምክንያት ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ስለተጀመረ፣ ሯጮቹ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ሲያልፉ ጨልሞ ነበርና የኢጣልያ ወታደሮች ግራና ቀኝ ቆመው ችቦ ያበሩላቸው ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የነዚያ ወታደሮች ታላላቆች በምን ሁኔታ ወደ አገራችን እንደመጡ ለሚያስታውስ ሰው፣ ያ መብራት የሚገርም ነው።

ሦስተኛውና እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ነገር ይህ ነው። አበበ ከውድድሩ በፊት እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሰው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ የራዲ ቁጥርም 26 ነው ተብሎ ነበር። አበበ 11 ቁጥር ለጥፎ ከካምፒዶሊዮ አደባባይ ተነሣ። መንገዱ ሲረዝም ከመሪዎቹ ጋር ሆነ፤ ወደ ሃያኛው ኪሎ ሜትር ሲቃረቡም ከአንድ ሯጭ ጋር ሁለት ብቻቸውን ከሌሎቹ ተለዩ። አብሮት የነበረው ሰው 185 ቁጥር ነበረው። አበበም 26 ቁጥርን ከፊት እየፈለገ፣ ገና አልደረስኩበትም እያለ ሮጠ። ያ 185 ቁጥር የለጠፈው ሰው ግን ራሱ ራዲ ነበር፤ ለማራቶን የተመደበለትን ቁጥር ሳይለብስ ነው የተሰለፈው። ስለዚህ አበበ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ጎን ለጎን የሮጠው ከተቀናቃኙ ጋር ነው፤ በልቡ የሚያሳድደው ግን በመንገዱ ላይ ያልነበረውን ቁጥር ነው። በዓለም ትልቁ ውድድር መካከል ሆኖ ብቻውን ይሮጥ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

መጨረሻው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን አስቀድሞ ተወስኗል። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልታችን በዚያን ጊዜ በሮማ፣ ከውድድሩ መጨረሻ ብዙ ሳይርቅ ቆሞ ነበር። አበበና ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ ይህን ቦታ ምልክት አድርገውታል። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም። ከቆንስጣንጢኖስ የድል ቅስት በታች በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲገባ ሁለተኛው 25 ሴኮንድ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የዛቶፔክን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በስምንት ደቂቃ ገደማ አሻሻለ፤ በዓለም ላይ እስከዚያን ቀን ከተሮጠው ፈጣን ማራቶንም አንድ ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ በለጠ። የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። (በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ታምራት ቶላ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ልዩነቱን የምታሰሉ ጫማውንም አብራችሁ አስሉ።)

ወደ አገሩ ሲመለስ የተደረገለትን አቀባበል አልዘረዝርም፤ ሰልፉንም ሽልማቱንም መገመት ይቻላል። ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ በአዛዡ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በግርማሜ መሪነት መንግሥት ለመገልበጥ ተነሣ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለዚያ እንቅስቃሴ ድጋፍ ሰልፍ ወጥተው እንደነበር የተማሪ ማኅበር ታሪክ ለሚወድ አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። ሙከራው ከሸፈ፤ ብዙ ሰው አለቀ። አበበ በነገሩ ባይኖርበትም የዚያው ጦር አባል ነበረና ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተመረመረና ተለቀቀ። በመስከረም የአገር ኩራት የነበረ ሰው በታኅሣሥ ተጠርጣሪ ሊሆን ይችላል። ሜዳሊያ ከመንግሥት ፊት የሚያድን ጋሻ አለመሆኑን ገና ወጣት ሳለ ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአቴና፣ በጃፓን ኦሳካ፣ ቀጥሎም በቼኮስሎቫኪያ ኮሺትሴ ከተማ ሮጦ ሦስቱንም አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ሚያዝያ በአሜሪካ በቦስተን ማራቶን ከማሞ ወልዴ ጋር ተሰለፈ፤ አምስተኛ ሆነ። ከውጭ አገር ተሸንፎ የተመለሰው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የቶክዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ በደብረ ዘይት ይለማመድ ነበር። ያ አገር ከባሕር ዳር ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ፤ ከፍታው ይቀራረባል፣ ሐይቅ አለው፣ ጧት ነፋሱ ለሯጭ ይመቻል። በልምምድ ላይ ሳለ ሕመም ያዘው፤ ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ውድድሩ አምስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ከሆስፒታል እንደወጣ ቀስ እያለ መራመድ፣ ከዚያም መሮጥ ጀመረ። እንዲህ ያለው ሩጫ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብቸኝነት ነው፤ ትናንት የሚያውቀው ሰውነት ዛሬ እንግዳ ይሆንበታል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ተሰለፈ። በመጀመሪያው አሥር ኪሎ ሜትር ሮን ክላርክ የሚባለው አውስትራልያዊና የአየርላንዱ ጂም ሆጋን ከፊት ነበሩ። ሃያኛውን ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ የአበበ ሆነ። ክላርክ ቀደም ብሎ ቀርቷል፤ ሆጋንም እየራቀ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከፊቱም ሰው የለ፣ ከኋላውም የሚሰማ ኮቴ የለ። ግራና ቀኝ የጃፓን ሕዝብ ተኮልኩሎ ይመለከተዋል፤ እርሱ ግን ፊቱ አይለዋወጥም፣ ትከሻው አይወዛወዝም፤ ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የሚደነቀው በዚህ ነው። ተቀናቃኝ ሳይኖር ፍጥነትን ጠብቆ ለመሮጥ ሰው ከራሱ ጋር መስማማት አለበት። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም የሚለው ሽሙጥ በዚያ ቀን ቃል በቃል እውነት ሆነ።

በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ወደ ስታዲየሙ ገብቶ ሌላ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ሁለተኛው ሯጭ ገና ከአራት ደቂቃ በላይ ይቀረው ነበር። አበበም በዚያ ባዶ ጊዜ ሣሩ ላይ ሆኖ እንቅስቃሴ ይሠራ ጀመር፤ እጁን ዘረጋ፣ እግሩን አነሣ። ሕዝቡ በሳቅና በጭብጨባ ተንጫጫ። ትዕቢት ነው ያሉም አሉ። እኔ ግን ሱሉልታ ደርሶ ሲመለስ ማንም ሳያየው ያደርገው የነበረውን እንጂ ሌላ ያደረገ አይመስለኝም።

ከዚያው ስታዲየም ሌላም ሰው ልጥቀስ፤ ምክንያቱም ከእርሱ ውጭ የአበበ ታሪክ ግማሽ ነው። አበበን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኖ የገባው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ነበር። በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት፣ በመጨረሻው ዙር እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ቀደመውና ሦስተኛ ሆነ። የነሐስ ሜዳሊያ ትንሽ ነገር አይደለም። እርሱ ግን ሕዝቡን እንደ በደለ ቆጠረው፤ በሜክሲኮ ለመካስ ተሳለ። እርሱም እንደ አበበ ወታደር ነበር። ጉዳት ደረሰበት፣ ሰውነቱ እንደ ቀድሞው አልሆን አለው፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1968፣ ኦሊምፒኩ ሳይደርስ፣ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። በሁለቱ ወታደሮች መካከል የነበረው ልዩነት የሳንባ ብቻ አይመስለኝም። የአገር ሸክም በሁለቱም ላይ ተጭኖ ነበር፤ አበበ ግን ሸክሙ ከመምጣቱ በፊት የራሱ የሆነ መንገድ ነበረው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሆኖም በፈተና ውጤት ምክንያት ራሱን እንደ ወንጀለኛ የሚቆጥር ጓደኛ ባየሁ ቁጥር ጹቡራያ ትዝ ይለኛል።

በሜክሲኮ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ እግሩ ተጎድቶ ሳለ ተሰለፈ። 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አልቻለም፤ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ግን ቀጥሎ አሸነፈና ወርቁ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አበበ በዕድሜው ከሮጣቸው አሥራ ስድስት ማራቶኖች አሥራ ሁለቱን አሸንፏል፤ ይህኛው የመጨረሻው ሆነ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ቮልስዋገኑን ሲነዳ መኪናዋ ተገለበጠች። ሌሊቱን በውስጧ ተይዞ አደረ፤ የተገኘው በማግሥቱ ጧት ነው። በዚያች ሌሊት ምን እንዳሰበ ማንም ሊጽፍ አይችልም፤ እኔም አልሞክረውም። አከርካሪው ተጎድቶ ነበር። መጀመሪያ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

እዚህ ላይ ታሪኩን የሚጨርሱ ብዙ ናቸው፤ ሯጭ እግሩን ካጣ ምን ቀረ በማለት ይመስላል። የቀረውን ልንገራችሁ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። የሁለት ኦሊምፒክ ባለ ወርቅ የሆነ ሰው፣ ቀስት መያዝ እንደ ጀማሪ ተምሮ፣ ከማያውቁት ሰዎች መካከል በተሽከርካሪ ወንበር ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ሚያዝያ ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተጋበዘ። የክብር እንግዳ ነበርና ተቀምጦ ማየት በተገባው ነበር። እርሱ ግን በቀስትም በጠረጴዛ ቴኒስም ገባ፤ ይባስ ብሎም ውሻ በሚስበው የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር ተሰልፎ አሸነፈ! የጃቶ ልጅ በበረዶ አገር፣ በውሻ ጋሪ፣ ነጭ በሆነ ሜዳ ላይ ሲበር አስቡት። እዚያ ያስገደደው ሰው አልነበረም፤ አገርም ሜዳሊያ አልጠበቀችበትም። ማንን ሊያሸንፍ ነው የሚለውን ጥያቄ የምታዘወትሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እስቲ ይህን ወስዳችሁ መልሱልኝ።

በ1964 ዓ.ም. ለሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር ተጠርቶ ሄደ፤ ሕዝቡም ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የሙኒክ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነበር፤ ከሮማው ምሽት ልክ አሥራ ሁለት ዓመት። አበበ በወንበሩ ላይ ሆኖ ተመለከተ። ማሞ ሦስተኛ ወጣ፤ ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ መጥቶ እጁን ጨበጠው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆችን ትቶ ነው የሞተው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወታደራዊ ሥርዓት ሲቀበር 65,000 ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተዋል። ከአራት ወር በኋላ የካቲት መጣ፤ ያ ዙፋንም ያ ክቡር ዘበኛም ታሪክ ሆኑ። አበበ ቢቂላን ግን የመጣው መንግሥት ሁሉ ሊጠላው አልቻለም፤ በአዲስ አበባም ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል።

በ2002 ዓ.ም.፣ የሮማው ድል ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሲራጅ ገና የሚባል ኢትዮጵያዊ በሮማ ማራቶን እየመራ መጣ። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ቆሞ ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ ገብቶ አሸነፈ። የአክሱም ሐውልት ግን በዚያ ጊዜ በሮማ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ አገሩ ተመልሷል፤ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴም በአክሱም በቀድሞ ሥፍራው ቆሟል። አበበ ከራዲ ተለይቶ ብቻውን የሄደበትን ነጥብ ዛሬ በሮማ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው አደባባይና የመኪና መንገድ ነው።